ከመሥሪያ ቤቱ በር በፊት ያለው ማለዳ

የአርሲ ደጋ ከስንዴው፣ ከገብሱና ከሯጮቹ ሌላ ወደ ውጭ የሚልከው ነገር አለ፤ የወጣት ሴቶቹን ጉልበት። በአሰላ፣ በሳጉሬ፣ በበቆጂ፣ በሮቤና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ልጁን ወይም እህቱን ወደ ጅዳ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ቤይሩት ያልሸኘ ሰፈር ማግኘት ይቸግራል። መንግሥት ይህን ጉዞ በ2006 ዓ.ም. አገደው፤ በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923ን አወጣ፤ በ2010 ዓ.ም. እገዳውን አነሳ። ከዚያ ወዲህ በሕጋዊው መንገድ የምትሄድ ልጅ ትሠለጥናለች፣ ትመዘናለች፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ትይዛለች፣ ውል ትፈርማለች። ማብሰልና መተኮስ ብቻ አይጠበቅባትም፤ ሕፃን መያዝና አቅመ ደካማ መንከባከብም የሥራዋ ክፍል ነው።

ትታው በሄደችው ቤት ግን ሰው ደግፎት ካልሆነ ከአልጋ የማይነሳ ወንድም፣ ወይም ዓይነ ስውር አክስት ሊኖር ይችላል። ለእነሱ የሚሆን ሰው የሚያሠለጥን፣ ሲኦሲ የሚሰጥ፣ ውል የሚያስፈርም፣ ደመወዝ የሚከፍል አካል አሰላ ውስጥ የለም። ያው ሥራ ባሕር ሲሻገር ሙያ ይባላል፤ እዚሁ ሲሠራ የቤተሰብ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ስደቱን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሳው፤ የሄደችው ልጅ የምትልከው ገንዘብ ለስንቱ ቤት ቆርቆሮ እንደሆነ እናውቃለን። ነገር ግን አካል ጉዳተኛን ሲደግፍ የኖረው የቤተሰብ ጉልበት እየሳሳ መሆኑን ማየት ግድ ነው። ታላቂቱ ዐረብ አገር ናት፣ ታናሹ ትምህርት ቤት ይውላል፣ መዋልም አለበት፤ እናት እያረጀች ነው።

የጀርባ አጥንቱ ተጎድቶ ከወገቡ በታች የማይታዘዝለትን ሰው ማለዳ እንመልከት። ባጃጅ ተገልብጦበት ሊሆን ይችላል፣ ከዛፍ ወድቆም ሊሆን ይችላል። ሌሊቱን በየሁለት ሰዓቱ ግድም የሚያገላብጠው ከሌለ የአልጋ ቁስል ያወጣል፤ ቁስሉ ካመረቀዘ ይገድላል። አሰላ ከጭላሎ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ግድም ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ስለሆነች ገና ሳይነጋ ውኃ መሞቅ አለበት። የሽንት ቱቦው ይጸዳል፣ ገላው ይታጠባል፣ ዳሌውና ተረከዙ አካባቢ ቆዳው የቀላበት ቦታ እንዳለ ይታያል። ራሱ ስለማይሰማው የሌላ ሰው ዓይን ያስፈልገዋል። ሱሪው ተኝቶ እያለ፣ ጎኑን እየገለበጡ ይለበስለታል። ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ሲዛወር የሚያነሳው ሰው አያያዙን ካላወቀበት ሁለቱም ይወድቃሉ፤ የስንት እናት ወገብ የተቀጨው በዚህች ቅጽበት ነው። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፣ ቁጢጥ የሚባልበት ነው፣ ክረምት ከሆነም መንገዱ ጭቃ ነው። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ገና ቁርስ አልቀረበም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን የአንድ ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይብለጥ ይላል። ሌትና ቀን ሰው ከአጠገቡ መጥፋት የሌለበት አካል ጉዳተኛ እንግዲህ የሦስት ሰው ተኩል ሥራ ይጠይቃል ማለት ነው። ያንን የሦስት ሰው ተኩል ሥራ በአርሲ ደጋ መንደሮች ብዙውን ጊዜ አንዲት ሴት ብቻዋን ትሠራዋለች፣ በዚያ ላይ እየጋገረች፣ ላም እያለበች፣ እንጨት እየለቀመች። የግል ረዳት ጉዳይ ሲነሳ «ባህላችን ይበቃናል፣ ቤተሰብ አለን» የሚለው መልስ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው። ባህሉ የሚባለው ነገር ሲፈታ የዚህች ሴት ወገብ ነው።

የግል ረዳት ስንል ቀጥተኛ ነገር ማለታችን ነው። አካል ጉዳተኛው በራሱ አካል ሊሠራው የማይችለውን ነገር፣ እሱ በሚፈልገው ሰዓትና እሱ በሚያዘው መንገድ የሚሠራለት፣ ለሥራውም የሚከፈለው ሰው። ለአንዱ ገላ የሚያጥብ፣ ለሌላዋ ደብዳቤ የሚያነብ፣ ለሦስተኛው ወደ ባንክና ወደ ፍርድ ቤት አብሮ የሚሄድ፣ ለመስማት ለተሳነው በምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉም።

ሕጉን ያየ ሰው ነገሩ አልቆ የተቀመጠ ይመስለዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን እንዲረዳ ያዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ከዚህ አልፎ፣ በአንቀጽ 19 የግል ረዳትን በስሙ ጠርቶ፣ በማኅበረሰቡ መካከል ለመኖር ከሚያስፈልጉት አገልግሎቶች አንዱ ያደርገዋል። የጸደቀ ስምምነት ደግሞ በራሱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 ነው። አሠሪው ለአካል ጉዳተኛው ሠራተኛ ሥራውን ለማከናወን ወይም ሥልጠናውን ለመከታተል የሚያስችለው ረዳት እንዲመድብለት ግዴታ ይጥላል። ስምምነቱ ከመጽደቁ ሁለት ዓመት በፊት በአገራችን ሕግ ውስጥ ረዳት ተጽፎ ነበር።

አዋጁ ግን የሚጀምረው ከመሥሪያ ቤቱ በር ነው። ከዚያ በፊት ያለው ማለዳ፣ ማለትም ማንሳቱ፣ ማጠቡ፣ ማልበሱ፣ ቁልቁለቱንና ኮብልስቶኑን ማሻገሩ፣ የማንም መሥሪያ ቤት ሥራ አይደለም። ቢሮ የሚያደርሰው ሰው የሌለው ሠራተኛ ቢሮው ውስጥ ረዳት ቢመደብለት ምን ያደርግለታል? በዚህ ላይ አዋጁ የሚናገረው ስለ ተቀጣሪ ነው። ድንች የምታመርት ዓይነ ስውር ገበሬ፣ ሱቅ ያላት እግሯ የማይሠራ ነጋዴ፣ ሥራ ለመፈለግ እንኳ ከቤት ያልወጣ ወጣት ከአዋጁ ውጭ ናቸው። የአርሲ ደጋ ሕዝብ ደግሞ አብዛኛው ገበሬ ነው።

የሴፍቲኔቱም መንገድ እዚያ አያደርስም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የመሥራት አቅም የሌላቸውን ቤተሰቦች ያለ ሥራ ግዴታ በቀጥታ ድጋፍ ያቅፋል፤ ጥሩ ነገር ነው። ይህ ግን እህል ይገዛ እንደሆነ እንጂ ጠዋት ጠዋት የሚመጣ ሰው አይቀጥርም። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከባድ ጉዳት ያለበት ሰው ላለው ቤተሰብ በወር 2000 ሽልንግ ትሰጣለች። ይህም ለቤተሰቡ ድህነት የሚሰጥ መደጎሚያ ነው፤ ለአካል ጉዳተኛው ሰው የረዳት ሰዓት አያስገኝለትም።

የረዳት ሰዓትን መብት ያደረገችው ስዊድን ናት። ስዊድን ለአሰላ ሰው እንግዳ አገር አይደለችም። ከተማዋ ዛሬም ድረስ በካዱ ስም ታስታውሳታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በጭላሎ አውራጃ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ፕሮግራም ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የተሻሻለ የእርሻ መሣሪያ ይዞ ገባ፤ የአርሲን ስንዴ የዛሬ መልኩን የሰጠው እሱ ነው። በዚያው ዘመን ስዊድን ውስጥ አካል ጉዳተኞች በተለየ ሕንፃ ተሰብስበው፣ በሠራተኛ ፈረቃ እየተነሱና እየተኙ ይኖሩ ነበር። በወጣትነቱ በፖሊዮ ሰውነቱ የሰለለ፣ በአሜሪካ ተማሪ ሳለ ረዳቶቹን ራሱ እየቀጠረ የኖረ አዶልፍ ራትስካ የሚባል ጀርመን ተወላጅ ወደ ስቶክሆልም መጥቶ ይህን አየ። እ.ኤ.አ. በ1984 ከጓደኞቹ ጋር ስቲል የተባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረተ። ጥያቄያቸው ለተቋሙ የሚከፈለው ገንዘብ ለእኛ ይሰጠንና ረዳቶቻችንን ራሳችን እንቅጠር፣ ራሳችን እናሠልጥን፣ ካልሆኑንም ራሳችን እናሰናብት የሚል ነበር። አሥር ዓመት ግድም ፈጀ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1994 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ጥያቄያቸውን መብት አደረገው፤ ለመሠረታዊ ፍላጎቱ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ድጋፍ የሚያስፈልገው ሰው ወጪውን የመንግሥት ማኅበራዊ ዋስትና ይሸፍንለታል።

ስዊድን ሀብታም ስለሆነች ነው የሚል ይኖራል። ሀብቱ እውነት ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ወጪው ከገመቱት በላይ ሄዶባቸው መስፈርቱን ሲያጠብቁ፣ አካል ጉዳተኞቹም ሲሟገቱ ዓመታት አልፈዋል። ለእኛ የሚጠቅመው ግን የገንዘቡ መጠን ሳይሆን የገንዘቡ አቅጣጫ ነው። ገንዘቡ በአካል ጉዳተኛው እጅ ሲያልፍ ረዳቱ የሚሰማው እሱን ነው። ለተቋም ሲሰጥ ተቋሙን፣ ለቤተሰብ ኃላፊ ሲሰጥ አባትዬውን። ካዱም ይህንን በራሱ መንገድ አስተምሮናል። ምርጥ ዘሩና ትራክተሩ ሲመጣ መሬቱ የባለርስት ነበርና እርሻው ሲያተርፍ ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ተነቀለ። ጥሩ ነገር ይዞ የመጣ ፕሮግራም፣ ማን ያዝበታል የሚለውን ሳያስተካክል ስለገባ፣ ደካማውን ገፋው።

ማን ያዛል የሚለውን ጥያቄ ለአርሲ ሰው ለማስረዳት ከሩጫ የተሻለ መንገድ አላውቅም። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ በፓሪስ ፓራሊምፒክ ያየሽ ጌጤ በዓይነ ስውራን ምድብ የ1500 ሜትር ወርቅ ስታመጣ፣ የዓለም ክብረ ወሰንም ስትሰብር፣ ከጎኗ መሪ ሯጭ ነበራት። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በእጃቸው የያዙት አጭር ገመድ ነው። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ መሪው ሊጎትታት አይችልም፣ ሊገፋት አይችልም፣ የመጨረሻውን መስመር ከእሷ ቀድሞ ሊረግጥ አይችልም። መታጠፊያውን ይነግራታል፣ የተቀናቃኞቿን ቦታ ይነግራታል፤ መቼ እንደምትፈተለክ የምትወስነው እሷ ናት። ሜዳሊያው ሲሰጥም ለእሱም አንገቱ ላይ ይጠለቅለታል፤ ሥራው ሥራ ነውና። በዚያው ፓሪስ ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ማራቶኑን በሦስተኛነት ልትጨርስ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ጡንቻው የተሸማቀቀበትን መሪዋን ልትደግፍ ገመዱን ለቀቀች፤ ነሐሱን ነጠቋት። ፍርዱ ብዙ ሰው አስቆጥቷል፣ እኔንም ጨምሮ። ነገር ግን እዚያ ሜዳ ላይ የሁለቱ ሰዎች ግንኙነት ምን ያህል በጥንቃቄ እንደተደነገገ ያሳያል። በቆጂ ሜዳ ላይ ስንት ጎበዝ ወጣት በየማለዳው ይሮጣል! ብሔራዊ ቡድን ሳይገባ የሚቀረው ይበልጣል፤ ከእነሱ መካከል ጥቂቶች እንኳ ዓይነ ስውራን ሯጮችን እንዲመሩ ቢሠለጥኑ አርሲ ለፓራሊምፒኩም ምንጭ በሆነች።

የምንነጋገርበት ሐሳብ ከውጭ የመጣ ብቻ ነው ማለትም ልክ አይሆንም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶቻችን በቅኔና በዜማ የላቁ ዓይነ ስውራን የኔታዎች ኖረዋል፤ የሚመራቸው ደቀ መዝሙር ነበረ። ልጁ ይመራል፣ የኔታ ያስተምሩታል፤ ወዴት እንደሚኬድ የሚያዙት የኔታ ናቸው። ልውውጥ አለበት፣ ክብር አለበት፣ አዛዡም የታወቀ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችንም ለዓይነ ስውር ተማሪ የሚያነቡ፣ በድምፅ የሚቀዱ ጓደኞች ባይኖሩ ስንቱ የሕግ ምሩቅ አይመረቅም ነበር። የዚህ ትልቁ ድክመት በፈተና ሰሞን ይታያል፤ አንባቢው የራሱ ፈተና አለበት፣ ዓይነ ስውሩ ተማሪም መጽሐፉን ታቅፎ የሰው ትርፍ ጊዜ ይጠብቃል።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ በአካል ጉዳተኞች መብት ስም የሚጻፉ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ዛሬ አሰላ ከተማ ውስጥ አቅም ያለው ቤተሰብ ረዳት ቢፈልግ የሚያመጣው ከገጠር ነው፤ የአክስት ልጅ፣ የሩቅ ዘመድ፣ አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ዓመቷ የሆነ ልጅ። «ታስተምሯታላችሁ» ተብሎ ትሰጣለች። ሌሊት የምታገላብጠው እሷ፣ ጠዋት የምታጥበው እሷ፤ ትምህርቱ ማታ ይሆናል፣ ከዚያ ይቀራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ውስጥ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከራሱ ወሰን አውጥቶ የሥራ ሁኔታው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታል፤ ሥራ ላይ የዋለ አገር አቀፍ የደመወዝ ወለልም የለንም። አካል ጉዳተኛው ከእስር ወጣ የምንለው የአንዲት ልጅ ዕድሜ ታስሮ ከሆነ መብት አላስከበርንም። ስለዚህ ረዳትነት ዕድሜ፣ ሰዓት፣ ደመወዝ፣ የዕረፍት ቀን የተቆረጠለት ሥራ መሆን አለበት። እንዲህ ሲሆን ሥራው ሁለቱንም ወገን ይጠቅማል። ሴቶች አካል ጉዳተኞችም ማን ገላቸውን እንደሚነካ የመምረጥ መብት ያገኛሉ። ዛሬ ገላዋን የሚያጥባት ሰው የሚበድላት ከሆነ ልታባርረው የማትችል ሴት አለች፤ ሌላ ሰው የላትምና ለማንም አትናገርም።

ገንዘቡስ? አገሪቱ በሙሉ እንደ ስዊድን በአንድ ቀን ትሁን የሚል የለም። ግን አይቻልም የሚለውን መልስ ከመቀበላችን በፊት ያደረግነውን እናስታውስ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን አሠልጥኖ በመንግሥት ደመወዝ መቅጠር የማይታሰብ ይመስል ነበር፤ ሆነ፤ የእናቶችንና የሕፃናትን ጤናም ቀየረ። ኤድስ በከፋበት ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሮች ከቀብር አልፈው አልጋ ላይ የዋሉ ሕሙማንን ቤት ለቤት የሚያጥቡና የሚመግቡ ሰዎች አሰማርተዋል። ያ ሥራ የተመሠረተው በበጎ ፈቃደኛ ላይና በፕሮጀክት ገንዘብ ላይ ስለነበር አልዘለቀም፤ ግን የሰፈር ማኅበር ይህን ዓይነት ሥራ መምራት እንደሚችል አሳይቷል።

አርሲ ውስጥ ሌላም መነሻ አለ። ከብቱ ያለቀበትን ወይም ክፉ ቀን የደረሰበትን ሰው ጎሣው አዋጥቶ የሚያቆምበት ቡሳ ጎኖፋ የኦሮሞ ሕዝብ የቆየ ሥርዓት ነው። በቅርብ ዓመታት የኦሮሚያ ክልል በተቋም ደረጃ አቋቁሞት ከአባላት መዋጮ ይሰበስባል። ከዚህ መዋጮ ጥቂቱ ለረዳት ሰዓት ቢመደብ ከሥርዓቱ መንፈስ የሚጣላ አይመስለኝም። ልጆችን ለዐረብ አገር የሚያሠለጥኑ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም አንድ የሥልጠና ዘርፍ ቢጨምሩ አሠልጣኙ በእጃቸው ነው፤ የሚጨመረው ሰውን ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወር፣ የአልጋ ቁስል መከላከል፣ ዓይነ ስውርን መምራት፣ የምልክት ቋንቋ መጀመሪያ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መታዘዝ ነው። ይህን የመጨረሻውን ማስተማር ያለባቸው ራሳቸው አካል ጉዳተኞች ናቸው።

መጀመሪያ ግን ቆጠራ ያስፈልጋል፤ የሰው ብቻ ሳይሆን የሰዓት። የ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ቆጠራ በመላው አገሪቱ 864,218 አካል ጉዳተኞች ብቻ መዘገበ፤ ከሕዝቡ አንድ በመቶ ቢያልፍ ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ደግሞ ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው አካል ጉዳት አለበት ይላል። ልዩነቱ የሚገለጸው በተደበቁ ልጆችና በመጠይቁ ነው እንጂ እኛ ከሌላው ዓለም የተለየን ሆነን አይደለም። አንድ የከተማ አስተዳደር ለረዳት ለመበጀት የጉዳት ዓይነት ዝርዝር አይበቃውም። ይህች ሴት ለመነሳት ስንት ሰዓት፣ ለመማር ስንት፣ ገበያ ለመውጣት ስንት ሰዓት ሰው ያስፈልጋታል? ለአንዷ በሳምንት አራት ሰዓት ይበቃል፤ ለሌላው ቀን ከሌት ነው። አብዛኛው ሰው ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ ሰዓቱ ሲቆጠር አስፈሪ የሚመስለው ወጪ የሚያንሰው ለዚህ ነው።

ክፍያውን በተመለከተ የማልደራደርበት አንድ ነገር አለ። የረዳቱን የሥራ ሰዓት መዝገብ የሚፈርመው አካል ጉዳተኛው ራሱ ይሁን፤ ያልተማረ በአውራ ጣቱ፣ እጁ የማይሠራ በመረጠው ምስክር፣ የአእምሮ ውስንነት ያለበትም እሱ በሚቀበለው ሰው እየታገዘ። ያለዚያ ገንዘቡ በቤተሰብ ኃላፊው ስም ይወጣና ረዳቷ የቤቱ ሠራተኛ ሆና ትቀራለች፤ እንጀራ ትጋግራለች፣ ልጅ ታዝላለች፣ አካል ጉዳተኛው ደግሞ ተራውን ይጠብቃል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የወረዳና የከተማ የበጀት ጥያቄ ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ይዘጋጃል። የአሰላና የዙሪያዋ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ለአንድ ቀበሌም ቢሆን የሰዓት ቆጠራውን በበጋው ሠርተው ከጨረሱ፣ ከፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ፊት የሚቀርቡት የሚቆጠር፣ የሚደመር፣ የሚከፈል ጥያቄ ይዘው ይሆናል።